የማይተኛው ዘበኛ፦ ድምፅ ለሰውነት ዕረፍትና ለማገገም ስለሚሰጠው እገዛ የተደረገ ንግግር

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው ለማለት ነው። እኔ ግን አባባሉን ዛሬ ለሌላ ነገር ልዋሰው። ዓይናችንን ስንፈልግ እንጨፍናለን፣ አፋችንን እንዘጋለን፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ተኝተን ሳለን እንኳ ሳያማክረን ይሰማል፤ የሰማውንም ለልባችን፣ ለሳንባችን፣ ለደም ሥሮቻችን ያደርሳል። ጠዋት ስንነሣ ሌሊቱን ምን ስንሰማ እንዳደርን ብዙ ጊዜ አናውቅም። ሰውነታችን ግን ያውቃል።

ይህንን ነገር በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት የተማርኩት ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ከበድ ያለ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አምስት ሌሊት አስታመምኳት። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ ነርሶቹም ደጎች ነበሩ። ድምፁ ግን ፋታ አልነበረውም። የልብ ምት መቆጣጠሪያው ጢጥ ጢጥ ይላል፣ የመድኃኒት ጋሪ ጎማው እየጮኸ ያልፋል፣ በር ይላተማል፣ በኮሪደሩ ላይ ሰው ሰውን ይጠራል። እናቴ ተኝታለች፤ ዓይኗ አልተከፈተም። ነገር ግን የጎረቤቷ አልጋ መሣሪያ በጮኸ ቁጥር ትከሻዋ ሽቅብ ይነሣል፣ የልብ ምቷን የሚያሳየው ቁጥር ይጨምራል፣ ተመልሶ እስኪወርድም ብዙ ይቆያል። ጠዋት «እንቅልፍ እንዴት ነበር እማዬ?» ስላት «ተኝቻለሁ ልጄ፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም» ትለኛለች። በሦስተኛው ሌሊት የማደርገው ቢጠፋኝ እጇን ይዤ፣ በልጅነቴ ስታስተኛኝ ታንጎራጉረው የነበረውን ዜማ በለሆሳስ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ግጥሙን አላስታውሰውም ነበር፤ ዜማውን ብቻ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ። ትከሻዋም ረገበ።

አንድ ሰውና አንድ ሌሊት ማስረጃ አይሆኑም። ቁጥሩ እጇን በመያዜ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ማስታገሻው መሥራት ጀምሮም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አልተወኝም። ድምፅ የታመመን ሰውነት በእርግጥ ያግዛል? የሚያግዝ ከሆነስ በየት በኩል ገብቶ? ዛሬ የምነግራችሁ ጥያቄውን ይዤ ስዞር ያገኘሁትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመንገዱ እንጀምር። ድምፅ የሚንቀጠቀጥ አየር ነው። አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፤ ያ አየር ቀጣዩን ይገፋል፤ ግፊቱም በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እየተጓዘ የጆሯችንን ታምቡር ይመታል። ከታምቡሩ ጀርባ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉ ሦስት አጥንቶች ተያይዘው ይገኛሉ። እርካቡ በመላ ሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሹ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እርሱም ንዝረቱን ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው፣ ፈሳሽ ወደሞላው የውስጥ ጆሮ ያስገባዋል። እዚያ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ያህል፣ ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል ሕዋሳት ይቀበሉታል። ፈሳሹ ሲወዛወዝ ጫፎቻቸው ይታጠፋሉ፤ በዚያች ቅጽበት የአየር ግፊት የነበረው ነገር ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል። እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይተኩም፤ ወደዚህ ነጥብ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ምልክቱ ወደ አንጎል ሲገባ የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ «ይህ በር ነው፣ ይህ የልጄ ድምፅ ነው» ብለን ወደምንለይበት ክፍል ይወስደዋል። ሌላው ከዚያ ቀድሞ፣ ገና ከአንጎል ግንድ፣ ንቃትንና ፍርሃትን ወደሚያዝዙ ክፍሎች ይገባል። ዕቃ ሲወድቅ አስቀድመን የምንደነግጠው፣ ምን እንደወደቀ የምናውቀው ግን ከደነገጥን በኋላ የሆነው ለዚህ ነው። እኔ ይህንን ሁለተኛውን መንገድ ዘበኛ እለዋለሁ። ቤተሰቡ ሲተኛ የማይተኛ ዘበኛ ነው። ድንገተኛ፣ ሻካራ፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ድምፅ ሲሰማ ቤቱን በሙሉ ይቀሰቅሳል፤ አድሬናሊን የተባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ይረጫል፣ ቆየት ብሎ ኮርቲዞል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ይከተላል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ለስለስ ያለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የሚገመት ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ሌላው የነርቭ ክፍል ተራውን ይረከባል። የዚህ ክፍል ዋና መስመር ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው፣ ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው።

የዘበኛው መረበሽ ለቁስል ምን ይደንቀዋል የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። በ1995 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት መልሱን በሚያሳዝን ግልጽነት ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን፣ በዕድሜና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው ሌሎች 13 ሴቶች ጋር አነጻጸሩ። በሁሉም ክንድ ላይ እኩል መጠን ያለው፣ ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቁስል በፈቃዳቸው ተደረገ። የሌሎቹ ቁስል በአማካይ በ39 ቀን ገደማ ሲሽር፣ የአስታማሚዎቹ ግን 49 ቀን ገደማ ወሰደ። ቁስሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የቀን ከሌሊት ጭንቀት አሥር ቀን ያህል ጨመረበት። በዚህ ጥናት ውስጥ ሙዚቃ የሚባል ነገር የለም። ግን ስለ ድምፅ የማምነው ነገር ሁሉ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ቁስል አይሰፋም፣ ተሕዋስያን አይገድልም፣ አጥንት አይገጥምም። ድምፅ ዘበኛውን «ተቀመጥ፣ ሰላም ነው» ሊለው ይችላል። የሚጠግነው ሰውነቱ ራሱ ነው፤ ለመጠገን ግን የሚያሳርፈው ይፈልጋል።

ሰዎች ይህንን ያወቁት በምርምር ዘመን አይደለም። ንጉሥ ሳኦል መንፈሱ ሲታወክ ዳዊት በገና ይደረድርለት እንደነበር ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። በሙያ ደረጃ የተደራጀው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ተያይዞ ነው። በአሜሪካ የቁስለኛ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሙዚቀኞች እየገቡ ሲጫወቱ፣ ሐኪሞቹ በሕሙማኑ ላይ ለውጥ በማየታቸው የሠለጠነ ባለሙያ እንዲኖር ጠየቁ፤ በ1944 የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ሕክምናን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ።

አሁን ወደ ማስረጃው። በ2015 በታዋቂው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በላንሴት የወጣ ግምገማ፣ ሕሙማን በዕጣ ተመድበው የተሳተፉባቸውን 73 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሯል። በጥናቶቹ ውስጥ 7 ሺህ ያህል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ነበሩ። ሙዚቃ የሰሙት ሰዎች ካልሰሙት ይልቅ ሕመማቸው ቀንሷል፣ ጭንቀታቸው ቀንሷል፣ የወሰዱት የሕመም ማስታገሻም አንሷል። በሆስፒታል የቆዩባቸው ቀናት ግን አላጠሩም። ይህንን የመጨረሻውን ነጥብ ሆን ብዬ አነሣለሁ፤ ስለ ድምፅ ሕክምና የሚሰብኩ ብዙዎች ይዘሉታልና። ሰውየው ቶሎ አልወጣም፤ በቆየባቸው ቀናት ግን ያነሰ ተሠቃየ። ለታመመ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው? የታመመ ሰው ያስታመመ ሁሉ መልሱን ያውቃል።

ከዚያ ግምገማ ከሁሉም በላይ ያቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ሙዚቃው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ራሳቸውን ለማያውቁ ሰዎች በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሲከፈትም ጠቅሟል፤ የጥቅሙ መጠን ግን ነቅተው ከሰሙት ያነሰ ነበር። ሰውየው አልሰማም፤ ጆሮው ግን ሰምቷል ማለት ነው። እኔ ይህንን ሳነብ የእናቴ ትከሻ ነው ትዝ ያለኝ።

ያለ ጊዜያቸው ስለተወለዱ ሕፃናት ደግሞ ትንሽ በዝግታ ልናገር። ፅንስ በማኅፀን ሳለ፣ ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ መስማት ይጀምራል። የሚሰማውም የእናቱን የልብ ምት፣ የደሟን ፍሰት፣ በውኃ ውስጥ ተጣርቶ የሚደርሰውን ድምፅዋን ነው። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ከዚያ ዓለም ተነቅሎ ማሽኖች ወደሚጮኹበት ክፍል ይገባል። በ2013 የታተመና በ11 ሆስፒታሎች 272 ሕፃናትን ያሳተፈ የአሜሪካ ጥናት እንዲህ ዓይነት ሕፃናትን በቀጥታ በሚቀርብ ድምፅ ለማገዝ ሞክሯል። በሠለጠነ ባለሙያ እየታገዙ አንዳንዶቹ የማኅፀንን የፈሳሽ ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ፣ አንዳንዶቹ የልብ ምት የሚመስል የከበሮ ምት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ወላጆቻቸው የመረጡትን እሹሩሩ ሰሙ። የሕፃናቱ የልብ ምት ዝግ አለ፣ እንደየድምፁ ዓይነት የመጥባት ችሎታቸውና እንቅልፋቸው ተሻሻለ፤ የወላጆቹም ጭንቀት ረገበ። ያ እሹሩሩ የግድ የሕፃናት ዘፈን መሆን አላስፈለገውም። ወላጆቹ ለራሳቸው ትርጉም ያለውን ዜማ ሲመርጡ ባለሙያው አዝግሞና አለስልሶ ወደ ማስተኛ ዜማነት ይለውጠው ነበር። ስለዚህ ቤተሰቦች በየአልጋው አጠገብ የሚያፍሩበትን ድምፃቸውን እንዳይንቁት እለምናለሁ። ድምፃችሁ የግድ መልካም መሆን የለበትም፤ የእናንተ መሆኑ ይበቃል።

በአንጎል ጉዳት ላይ ያለው ሥራ ራሱን የቻለ ንግግር ይወጣዋልና በአጭሩ አልፈዋለሁ። ፓርኪንሰን የተባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ ያለባቸው ሰዎች እርምጃቸው ሲያያዝባቸው፣ የተስተካከለ ምት እየሰሙ ሲራመዱ ፍጥነታቸውና የእርምጃቸው ርዝመት እንደሚሻሻል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ታይቷል። በስትሮክ ምክንያት መናገር ያቃተው ሰው ቃሉን በዜማ ሊያወጣው የሚችልበት አጋጣሚ አለ፤ ከዚህ ተነሥቶ በ1973 በቦስተን የተዋወቀው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩት ጋብሪየል ጊፈርድስ በ2011 በጥይት ጭንቅላታቸውን ከተመቱ በኋላ ንግግራቸውን መልሰው ለማግኘት ባደረጉት ትግል የሙዚቃ ሕክምና አንዱ ረዳታቸው ነበር። በፊንላንድም በ2008 የታተመ፣ 60 የስትሮክ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት፣ በየቀኑ የመረጡትን ሙዚቃ የሰሙት ሰዎች የተቀረጸ መጽሐፍ ከሰሙትና ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ቃላትን በማስታወስና ትኩረታቸውን በመሰብሰብ የተሻለ ማገገማቸውን አሳይቷል።

እስካሁን ያወራሁት ከውጭ ስለሚመጣ ድምፅ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ከራሳችን ደረት የሚወጣው ነው፤ ዋጋ የለውም፣ መሣሪያ አይፈልግም። በ2001 የጣሊያን ተመራማሪዎች 23 ሰዎች የላቲን የመቁጠሪያ ጸሎት ሲደግሙና በሌላ ጊዜ የዮጋ ቃል ሲደጋግሙ ትንፋሻቸውን ለኩ። ሁለቱም ልማዶች እርስ በርስ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ የትንፋሹ ቁጥር ግን በሁለቱም ወደ 6 በደቂቃ ወረደ። ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ በተለምዶ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በደቂቃ 6 ጊዜ ሲተነፍስ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ መዋዠቅ ከትንፋሹ ጋር ይገጥማል፣ የደም ግፊትን የሚያስተካክለው የሰውነት ምላሽም ይጠነክራል። ጸሎትንና ዜማን ያቆዩልን አባቶችና እናቶች ይህንን በቁጥር አያውቁትም ነበር፤ ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ሲያወጡ ግን ሰውነታቸው ያውቀው ነበር።

አፍ ገጥሞ ማንጎራጎርም እንዲሁ ነው። በ2002 በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሰው «እምምም» እያለ በአፍንጫው ሲተነፍስ ከአፍንጫ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ፣ የደም ሥርን የሚያሰፋ ጋዝ በዝምታ ከሚተነፍስበት ጊዜ 15 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ምክንያቱ ንዝረቱ በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት የአጥንት ክፍተቶች ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያናውጠው ነው። ይህ ብቻውን በሽታ ይፈውሳል አልልም። ማንጎራጎር ወደ ውጭ የሚወጣውን ትንፋሽ ስለሚያስረዝም ግን ልብን ለማሳረፍ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ቀላሉ ነው።

ስለ ንግዱም ልናገር፤ ዝም ብዬ ባልፈው በሕሙማን ላይ እንደመተባበር እቆጥረዋለሁና። «በ528 ኸርዝ የተቃኘ ድምፅ የዘር ቅንጣትን (ዲኤንኤን) ይጠግናል» የሚል ቅጂ በስልካችሁ ደርሷችሁ ይሆናል፤ ኸርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ የሚለካበት ነው። ይህንን አባባል የሚደግፍ የሳይንስ ማስረጃ የለም። 432 ኸርዝ የተፈጥሮ ቅኝት ነው፣ 440 ኸርዝ ግን ጎጂ ነው የሚለውም እንደዚሁ ነው። 440 በ1939 በለንደን በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተመረጠ የመሣሪያዎች መግባቢያ ነው፤ ሰዎች የተስማሙበት ልክ እንጂ መርዝም መድኃኒትም አይደለም። በሁለቱ ጆሮዎች ትንሽ የሚለያዩ ድምፆችን በማሰማት አንጎል ውስጥ ሦስተኛ ምት የሚፈጥረው ዘዴስ? ክስተቱ እውነት ነው፤ ሃይንሪሽ ዶቬ የተባለ የፕሩሲያ ሳይንቲስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ገልጾታል። በጭንቀትና በእንቅልፍ ላይ ያለው ውጤት ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ የሚወደው ሰው ቢሰማው አልቃወምም፣ ተስፋውን ሁሉ ግን አይጣልበት። ከብረት የሚሠሩት፣ ሲመቱ ረጅም ድምፅ የሚያወጡት ጎድጓዳ ሳህኖችም አሉ። በ2017 በ62 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከአንድ ጊዜ ማዳመጥ በኋላ ውጥረት፣ ቁጣና ድካም እንደቀነሱ ዘግቧል። ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረውም። ለአንድ ሰዓት ጋደም ብሎ ዝም ያለ ሰው ያለ ሳህኑም ዘና ይል ይሆን? ጥናቱ ይህንን አይመልስም።

ሻጮቹ ከሚያምታቱት ሁሉ የከፋው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ማድረጋቸው ነው። የኩላሊት ጠጠርን ከሰውነት ውጭ በሚላክ የግፊት ሞገድ መሰባበር ከ1980 ጀምሮ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ታካሚ በሙኒክ ነበር። ዛሬ የእጅ መንቀጥቀጥን ለማከም በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፍ የአልትራሳውንድ ሞገድ በአንጎል ውስጥ ያለች ትንሽ ቦታን ያቃጥላል። እነዚህ እውነተኛ ሕክምናዎች ናቸው። የሚሠሩት ግን በግፊትና በሙቀት ነው፤ በሐኪም እጅ፣ በተለካ መጠን። ከስልክ የሚወጣ ዜማ ከእነርሱ ጋር የሚጋራው «ሞገድ» የሚለውን ስም ብቻ ነው። «ሞገድ ጠጠር ከሰበረ ዕጢህንም ይሰብራል» ብሎ የሕክምና ቀጠሮ ያስቀረ ሰው በነፍስ ተጫውቷል።

ጉዳት የለውም የሚባለውም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። የማይተኩ ሕዋሳት አሉ ብዬ ነበር። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የደረሰ ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መሰማት እንደሌለበት የሥራ ቦታ ደኅንነት ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ያጥራል፣ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ለማሳረፍ ተብሎ በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ የሚጮኽ ድምፅ ከዕረፍቱ ጥፋቱ ይበልጣል። ከባድ ሐዘን ወይም አሰቃቂ ትዝታ ያለበት ሰው ደግሞ አንድ ዜማ ቁስሉን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ለሌላው የሚያሳርፈው ለእርሱ አያሳርፍም። ስለዚህ ሰዎች «የትኛውን ዓይነት ሙዚቃ እናሰማው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ራሱን ጠይቁት» እላለሁ። በ2011 በሞንትሪያል የተደረገ ጥናት ሰዎች እጅግ የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ ዶፓሚን የተባለው የደስታ መልእክተኛ በአንጎላቸው እንደሚለቀቅ ሲያሳይ፣ ሙዚቃውን የመረጡት ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ነበሩ። መናገር ላልቻለ ደግሞ ቤተሰቡ ይናገርለት፤ ዝግ ያለ፣ ድንገት የማይጮኽ፣ በዝቅታ የተከፈተ ይሁን፤ ከሃያና ከሠላሳ ደቂቃ በኋላም ይጥፋ።

ይጥፋ ያልኩት በምክንያት ነው። ቀደም ሲል የጠቀስኳቸው የጣሊያን ተመራማሪዎች በ2006 ስድስት ዓይነት ሙዚቃ ለ24 ሰዎች አሰሙ። ፈጣኑ ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ አደረገ፤ ዝግተኛው ያን ያህል አላደረገም። በመካከል ግን የሁለት ደቂቃ ዝምታ አስገብተው ነበር። ሰውነት ከሁሉም በላይ ያረፈው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነበር፤ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበረበትም ዝቅ ብሎ። የነርስነት ሙያ ፈር ቀዳጅ የሆነችው እንግሊዛዊት ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ስለ ሕሙማን እንክብካቤ ስትጽፍ አላስፈላጊ ጫጫታን ከጭካኔ ትቆጥረው ነበር፤ ሕመምተኛው አጠገብ መንሾካሾክን ሳይቀር፣ ምን እያሉ ይሆን ብሎ ጆሮውን እንዲያቆም ያስገድደዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ የሆስፒታል መኝታ ክፍል ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ ይህም ከሹክሹክታ ብዙ አይርቅም። የጋሪ ጎማ ዘይት መቀባት፣ የበር ጠርዝ ላይ ጨርቅ ማድረግ፣ የማያስፈልግ ማንቂያ ማጥፋት፤ እኔ እነዚህንም የድምፅ ሕክምና እላቸዋለሁ። ከማንኛውም ቅጂ በፊት መቅደም ያለባቸውም እነዚህ ናቸው።

እናቴ ድና ወደ ቤት ተመለሰች። ያደረጉት ሐኪሞቿ ናቸው። ከወራት በኋላ አብረን ተቀምጠን ሳለ ድንገት ቀና ብላ «ያን ሌሊት ግጥሙን ረስተኸው ነበር አይደል?» አለችኝ። ዓይኗ ተጨፍኖ ነበር። ተኝታ ነበር። ከዚያ ሙሉ ግጥሙን ቃል በቃል ነገረችኝ።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር አብረን እናድርግ። ስልካችሁን አጥፉ። እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት። በአፍንጫችሁ አየር ሳቡና ከንፈራችሁን ገጥማችሁ፣ ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ «እምምም» በሉ፤ ስድስት ጊዜ፣ ሳትቸኩሉ። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ቃናው ባይገጥም ግድ የለም። ከስድስተኛው በኋላ ሁለት ደቂቃ ዝም እንላለን። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።